ዶን ጎንዛሎና የሸፈቱት ትሎች

ተረቴ መጣች፤ በሩን ክፈቱላት፣ መቀመጫም ስጧት!

ድሮ በስፔን አገር፣ በንጉሡ ፊት እንኳ ቀይ ቆቡን የማያወልቅ ዶን ጎንዛሎ የሚባል ባላባት አውራ ዶሮ ነበረ። የዚያ አገር ባላባት ለንጉሡ ይዋጋል እንጂ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ መሬት መጫር ነውር ሆኖበት ሰባት ቀን ጦሙን አደረ። ከመክሳቱ የተነሳ ንፋስ በመጣ ቁጥር አጥሩን በምንቃሩ ነክሶ ይይዝ ነበር። ሚስቱ ኤልቪራ መሬት ጭራ ትል ብታቀርብለት፣ «ባላባት ተጭሮ የተገኘ አይበላም» ብሎ ፊቱን አዞረባት።

ኤልቪራ ባሏ ሊሞትባት መሆኑን አየችና እየሮጠች መጣች። «ጌታዬ፣ ጉድ ፈላ! ትሎቹ ሸፍተዋል! ለንጉሡ አንገብርም ብለው ከመሬት በታች መሽገዋል!»

«እኔ በሕይወት እያለሁ?» ብሎ ዶን ጎንዛሎ ክንፉን አራገፈ። እስከ ቀትር ድረስ አሥር ጥማድ በሬ በሳምንት የማያርሰውን ማሳ በጥፍሩ ገለበጠው፤ የማረከውንም እዚያው ዋጠ። ጫጩቶቹም ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ጠገቡ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አጥሩ ላይ ወጥቶ አገሩን በጩኸት ቀሰቀሰው፦ «ኤልቪራ! ኧረ ተነሺ! ዛሬስ የሸፈተ የለም?»

ተረቴ ሄደች፤ ዳቦዋን ግን ለእኔ ተዉልኝ።