እስስቷና ሦስቱ ፎቶዎች

እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔም ተረት ልስጣችሁ።

ድሮ፣ መጥረቢያም ካሜራም አፍ አውጥተው ይናገሩ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ደጋ ጫካ ውስጥ አንዲት አሮጊት እስስት ነበረች። ባሏን ጭልፊት በልቶባት፣ እህቶቿም አልቀውባት፣ ብቻዋን አንድ ዝግባ ላይ ትኖር ነበር። ቅጠል ላይ ስትሆን ቅጠል፣ ግንድ ላይ ስትሆን ግንድ እየመሰለች ዕድሜዋን ሙሉ ተደብቃ ኖራ ደክሟት ነበር። እጅግ ደክሟት ነበር። በዚያ ክረምት ግን ከዝግባው ሥር አፈር ቆፍራ አሥራ ሁለት እንቁላል ቀብራለች።

አንድ ቀን መጥረቢያ መጣና ዝግባውን ኳ! ኳ! አደረገው።

«ምን ፈለግህ?» አለችው።

«ከመስቀል ማግስት ይህን ጫካ ቁረጥ ተብያለሁ» አላት።

«እኔስ? የቀበርኳቸው ልጆቼስ?»

መጥረቢያ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። «ቅጠል እንጂ ማንም አይታየኝም» ብሎ ሄደ።

ልቅሶዋን አንድ ካሜራ ሰማ። ይህ ካሜራ ታንጉት በምትባል ፎቶ አንሺ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ አገር ላገር የሚዞር ነበር።

«እማማ፣ አያልቅሱ» አላት። «ከተማ ውስጥ መምህር አጥላባቸው የሚባሉ ሊቅ አሉ። የእስስትን ዘር ከፎቶ ይለያሉ። ‹ይህች ከዚህ ጫካ በቀር የትም የለችም› ካሉ መጥረቢያው ይከለከላል። ብቻ ዝም ብለው ይዩኝ።»

«እሺ ልጄ» አለች። ታንጉት ካሜራውን ስታነሣ ግን እስስት ደነገጠች፤ ሳታስበው አረንጓዴ ሆነች። ቀጭ!

መምህሩ ፎቶውን አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት። «ይህች በየአጥሩ የምትገኘዋ እስስት ናት» አሉ።

«እንግዲያው አጊጬ ልቅረብ» አለች እስስት። ከአደይ ቢጫውን፣ ከቀጋ ፍሬ ቀዩን፣ ከሰማይ ሰማያዊውን ተዋሰች። ቀጭ!

መምህሩ ሳቁ። «ይህችስ ከባሕር ማዶ የመጣች ትሆናለች። የእኛ ጫካ እንዲህ ያለ ዘር አያውቅም።»

ካሜራው አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። «እማማ፣ መስቀል ሦስት ቀን ቀረው። አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክር።»

«ደክሞኛል ልጄ።»

«እኔም ደክሞኛል» አለ፤ እውነትም ዓይኑ የመንገድ አቧራ ለብሷል። «መምህሩ ቀለም አያምኑም። የሚፈልጉት የጎንዎን መስመርና የጉሮሮዎን ቅርፊት ነው። ምንም ሳይመስሉ ይቁሙልኝ።»

ምንም ሳትመስል! እስስት በዕድሜዋ እንዲያ ቆማ አታውቅም። የተቀበሩትን አሰበች። ቀስ፣ ቀስ እያለች ቅጠል ወደሌለበት ደረቅ ቅርንጫፍ ወጣች። አመድማ ገላዋ ታየ፤ በጎኗ ነጩ መስመር፣ በጉሮሮዋ ሥር እንደ ጤፍ የደቀቁት ቅርፊቶች ታዩ። አንዱ ዓይኗ ካሜራውን፣ ሌላው ሰማዩን ያያል።

በሰማዩ ጭልፊት መጣ።

«የት ተደብቀሽ ኖረሻል?» አላት። «ዛሬ አገኘሁሽ!»

 አረንጓዴው ገላዋን ሊወርሰው ሲል እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠችው። «ቶሎ በል ልጄ» አለች።

ቀጭ!

ታንጉት ጮኸች፣ ድንጋይ ወረወረች። ጭልፊት ሸሸ፤ ሲሸሽ ግን በጥፍሩ የእስስትን አንድ ዓይን አጠፋ።

መምህር አጥላባቸው ሦስተኛውን ፎቶ አዩ። ቅርፊቶቹን አንድ ባንድ ቆጠሩ፤ ከአሮጌ መጻሕፍት ጋር አስተያዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «አርባ ዓመት የፈለግኋት ናት» አሉ። «ዘሯ የጠፋ መስሎኝ ነበር።»

ደብዳቤ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታ። የመስቀል ማግስት መጥረቢያ ጫካው ደጃፍ ደርሶ ነበር፤ ደብዳቤው ሲነበብለት እያጉረመረመ ተመለሰ።

«እማማ!» አለ ካሜራው ገና ከሩቅ። «ጫካው ተረፈ! ልጆችዎም ተረፉ! መምህሩ የዘርዎን ስም ነገሩን፤ ልንገርዎት?»

እስስት በቀረላት ዓይን የዝግባውን ሥር አየች።

«ነገ ትነግረኛለህ ልጄ» አለች። «አሁን ልተኛ።»

እንደ ቆመችበት፣ አመድማ እንደሆነች ተኛች።

ስለዚህ ነው አባቶች፣ ቅጠል መስሎ የኖረ ከዛፉ ጋር ይቆረጣል የሚሉት። ተረቱን እኔ አወረድኩት፤ እናንተ ተሸከሙት።