የደብሪቱ ሦስት ዳኞች

በአንድ ወቅት፣ ሐሺሽ ስንቱን ወጣት ባበላሸበት አገር፣ ጥብቅ ሕግ ወጣ፦ ከአንድ ኪሎ በላይ ይዞ የተገኘ ሰው፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከአሥር ዓመት ያላነሰ ይታሰራል።

በዚያ አገር መናኸሪያ አጠገብ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ እያለቀሰ መጣ።

«እትዬ፣ ይህን ከረጢት ካላደረስኩ ይገድሉኛል። እኔን ፖሊስ ያውቀኛል፤ አንቺን ማንም አይጠረጥርም።»

ከሽታው ምን እንደሆነ አወቀች። ቢሆንም ወንድሟን ከምታጣ ብላ ይዛው አውቶቡስ ተሳፈረች። ኬላ ላይ ተያዘች፤ ሲመዘን ሦስት ኪሎ ሆነ። ልጇ ዘቢደር ያኔ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር።

ሦስት ዳኞች ተሰየሙ። ደብሪቱ አልካደችም። «አውቄ ነው የያዝኩት፤ ለወንድሜ ፈርቼ ነው» አለች። ሦስቱም አመኗት፤ አሥር ዓመት እንደሚበዛባትም ሦስቱም ተስማሙ።

ከሦስቱ አንዱ አቶ ሙዘይን ግን «ሕጉን አልጥስም፤ ይህን ፍርድም አልፈርምም» ብለው ካባቸውን አወለቁና ሥራቸውን ለቀቁ። በቦታቸው ሌላ ዳኛ ተተካ። እሳቸው ዘቢደርን ወስደው ከልጆቻቸው ጋር አሳደጓት፤ በየሳምንቱም እናቷን ልትጠይቅ ወህኒ ቤት ይወስዷት ነበር።

ሁለተኛዋ ዳኛ ወይዘሮ ፋናዬ «ፊቴ የቆመውን ሰው ሳላይ አልፈርድም» አሉና ሁለት ዓመት ብለው ጻፉ። አዲሱ ዳኛ ከመሐል ዳኛው ጋር ስለቆመ ብቻቸውን ቀሩ። ሕግ ተላልፈዋል ተብለው ተገሠጹ፤ ወደ ሩቅ ቆላ ወረዳም ተዛወሩ። አንድም ቀን አልተጸጸቱም።

የመሐል ዳኛው አቶ ኃይለመለኮት አሥር ዓመት ፈረዱ። «ልጄ፣ ዛሬ ላንቺ ብዬ ሕጉን ብተወው፣ ነገ ሌላው ዳኛ ለዘመዱ ብሎ ይተወዋል» አሏት። ከዚያ በኋላ ግን ወይዘሮ ፋናዬ የጻፉትን የልዩነት ሐሳብ ይዘው በየዓመቱ ምክር ቤቱን ደጅ ጠኑ። በአራተኛው ዓመት ሕጉ ተሻሻለ፤ ዳኞች ቅጣት እንዲያቀልሉ፣ ያለፉ ፍርዶችንም እንደገና እንዲያዩ ተፈቀደላቸው። ደብሪቱ፣ በኋላ እጁን የሰጠው ወንድሟና ሌሎች ብዙ እስረኞች ተፈቱ።

ዛሬ ዘቢደር ነርስ ሆናለች፤ ሰርጓም ነው። አጎቷ ድንኳን ውስጥ እንግዳ እያስተናገደ ላይ ታች ይላል። ያረጁት ሦስቱ የመጀመሪያ ዳኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። በአገሩ ልማድ ሙሽሮችን ቀድሞ የሚመርቀው አንድ ሰው ነው፤ የምትመርጠውም የሙሽራዋ እናት ናት።

«እማ፣ ማን ይመርቀን?» አለች ዘቢደር።

ደብሪቱ ደስታ በሞላው ፊቷ ሦስቱን አየቻቸው። አቶ ሙዘይን ልጇን አሳድገውላታል፤ ወንበራቸውን ባይለቁና ከወይዘሮ ፋናዬ ጋር ቢቆሙ ግን ቅጣቷ ሁለት ዓመት ይሆን ነበር። ወይዘሮ ፋናዬ ስለ እሷ ብቻቸውን ተገፍተዋል፤ ዳኛ ሁሉ ያሻውን ቢጽፍ ግን ሕግ ምን ይሆናል? አቶ ኃይለመለኮት ለእሷም ለሌሎችም በር አስከፍተዋል፤ የዘጉባትም እሳቸው ናቸው።

እልልታው ጋብ ብሏል፤ ሰርገኛው ይጠብቃታል። እስቲ ፍረዱ፤ በደብሪቱ ቦታ ብትሆኑ የመጀመሪያውን ምርቃት ለማን ትሰጡ ነበር?