ሐርሞንያና የቀበሮ ሐብል

ልጆቼ፣ ይህ የሆነው የአያቶቻችን አያቶች ሳይወለዱ፣ ከባሕር ማዶ ባለ አንድ አገር ነው። በዚያ አገር ሐርሞንያ የምትባል የስምምነት እመቤት ነበረች። አባቷ የጦርነት ጌታ፣ እናቷ የፍቅር እመቤት ነበሩ። በአባቷ ፉከራና በእናቷ እንባ መካከል ስላደገች፣ ጠብ ባየች ቁጥር ለማስታረቅ ትሮጥ ነበር።

በአገሩ የነበረችው ምንጭ አንዲት ብቻ ናት። አንበሶችና ጎሾች በእሷ የተነሳ ሲጋደሉ ኖሩ። ቀበሮ ደግሞ ዳር ቆሞ የሞተውን እየበላ ይወፍር ነበር። ሐርሞንያ መጣችና፣ «ጠዋት ጎሽ ይጠጣ፣ ማታ አንበሳ ይጠጣ፤ በምንጩ ዳር ደም አይፍሰስ» ብላ አስማማቻቸው፤ ማሉላትም።

ሰላም ሲወርድ ቀበሮ ጦሙን አደረ። አንድ ቀን ጦሙን አደረ፣ ሁለት ቀን ጦሙን አደረ። በሦስተኛው ቀን፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የወርቅ ሐብል በአፉ ይዞ መጣ።

«እመቤቴ፣ ስለ ሰላማችን ምስጋና ይሁንልኝ» አላት።

«እኔ እጅ መንሻ አልቀበልም።»

«የድሃ ስጦታ እጅ መንሻ ይባላል? ብትመልሺብኝ በምን ፊቴ እሄዳለሁ?»

አሳዘናት። እውነቱን ለመናገር ሐብሉም አማራት። አጠለቀችው።

ቀበሮ ወደ ጎሹ ሮጠ። «አያ ጎሽ፣ ሐብሉን አየኸው? አንበሳ ነው የሰጣት፤ ምንጩን ልትሰጠው ነው» አለው። ወደ አንበሳውም ሮጠ። «አያ አንበሶ፣ ሐብሉን አየኸው? ጎሽ ነው የሰጣት፤ ምንጩን ልትሰጠው ነው» አለው።

በነጋታው ሐርሞንያ ወደ ምንጩ ስትወርድ ሰላምታዋን የሚመልስ ጠፋ። ጎሾች ቀንዳቸውን ይስላሉ፤ አንበሶች ጥፍራቸውን ይስላሉ። ሁሉም አንገቷን ያያል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት፤ አፈረችም። መሃል ገብታ ቆመች።

«የሰማችሁትን እዚሁ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት ንገሩኝ። ከዚያ በኋላ እኔን ረግጣችሁ ተዋጉ።»

«ሐብሉን አንበሳ ሰጥቷት ምንጩን ልትሰጠው ነው ተብያለሁ» አለ ጎሹ።

አንበሳው ጆሮውን አቆመ። «እኔም ይህንኑ ነው የሰማሁት፤ ሰጪው ጎሽ ነው ተባልኩ እንጂ። ለአንተ ማን ነገረህ?»

«ቀበሮ። ለአንተስ?»

«ቀበሮ።»

ቀበሮ ከቁጥቋጦው ሊሾልክ ሲል የአንበሳ መዳፍ ጭራው ላይ አረፈ። ሁሉም ይሙት አሉ። ሐርሞንያ ግን ሐብሉን ፈታ ገደል ወረወረችው።

«ያጠለቅኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ተዉት። ከዛሬ ጀምሮ ግን ወሬ ካለው፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት ይናገር» አለች።

ቀበሮም አይጥ እያደነ በላቡ መኖር ጀመረ፤ ውሃውን ከሁሉ በኋላ ይጠጣል። የዚያን ዓመት የተወለዱ ጥጆችና ደቦሎች የጠቡን ወሬ ሲሰሙ ተረት ይመስላቸው ነበር ይባላል።

ለብቻ የሰሙት ያጋድላል፤ አብረው የሰሙት ያስታርቃል።