ደጅ ያልጠናው ጭስ

ፊታውራሪ አጥናፉ ብርድ ስለማይወዱ እልፍኛቸው ውስጥ የጭስ መውጫ ያለው የግድግዳ ምድጃ አሠሩ። የሠራላቸው ግንበኛ፣ በመሬት ክርክር እንዲፈርዱለት ሰባት ዓመት ደጃቸውን የጠና ሰው ነው። ሥራውን ሲያስረክብ፣ «ጌታዬ፣ ደረቅ እንጨት ያስነድዱ፤ የመውጫውን ጥቀርሻ ቶሎ ቶሎ ያስጠርጉ። እሳት እያለ ክዳኑን እንዳያስዘጉት» ብሏቸው ነበር።

«ሙቀቴን ለሰማይ ልገብር እንዴ?» አሉና ክዳኑን በግማሽ አስዘጉት፤ ጥቀርሻውንም ሳያስጠርጉ እርጥብ ባሕር ዛፍ አስማገዱበት።

ክረምቱ ሳይጋመስ አንድ ጠዋት፣ እንግዶች ተሰብስበው ሳለ ጭሱ ተመልሶ እልፍኙን ሞላው። ፊታውራሪው እያሳላቸው፣ እንባቸው እየወረደ ግንበኛውን አስጠሩት።

«‹ጥፋቱ የኔ ነው› ካልክ ሠላሳ ጅራፍ፣ ‹የርስዎ ነው› ካልክ ስድሳ! በል ተናገር፣ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም» አለ ግንበኛው እጅ ነስቶ። «ጭሱ መንገዱን ጥቀርሻ ሞላበት፣ በላይ በኩል በሩ ተዘጋበት፤ መሄጃ ቢያጣ አቤት ሊል ወደ ጌታው መጣ። የገረመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔ ሰባት ዓመት ደጅ ስጠና አንድ ቀን አላዘኑልኝም፤ ለሱ ግን ገና ከመግባቱ አለቀሱለት!»