የመህር አምባርና የጠራው ስክሪን

መስጊዷ ከገበያዋ ቀድማ በተሠራች አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ሐጂ ሙስባህ የሚባሉ ቴሌቪዥን ሻጭ ነበሩ። ቴሌቪዥን የሚሸጥ ሽማግሌ ምን ተቅዋ፣ ምን ፈሪሃ አላህ ይኖረዋል የምትሉ አትጠፉም፤ እኔም ብዬ ነበር። አላህ ግን ባሪያውን በያዘው ሥራ ይፈትናል፤ የሐጂም ፈተና የመጣው ከሱቃቸው ግድግዳ ላይ ነው።

አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ጦይባ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ወደ ሱቁ ገባች። ግድግዳው ላይ እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌቪዥኖች ተሰቅለዋል። አንዱ ተራ ነው። ሁለተኛው ፎር ኬ የሚሉት፣ ዋጋው ከፍ ያለው ነው። በእሱ ላይ አበባ የምትቀስም ንብ ትታይ ነበር፤ የክንፏ መስመር ሳይቀር ይቆጠራል።

«ይሄን የጠራውን ይስጡኝ፣ ሐጂ» አለች።

ያጠራቀመችው ብር የሚበቃው ለተራው ብቻ ነበር። ለልዩነቱ የወርቅ አምባሯን ከእጇ አውልቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ሟች ባሏ በኒካሃቸው ቀን የሰጣት መህር ነው።

ሐጂ አምባሩን ሳይነኩ፣ «እህቴ፣ ምን ልታይበት ነው?» አሏት።

«ልጄን።»

አንድ ልጇ ሙዘሚል ከሁለት ዓመት በፊት ደውሎላት ነበር። «እማ፣ መካ ሐረም ውስጥ የጽዳት ሥራ ይዣለሁ። የሐረሙን ቻናል ክፈቺ፤ አረንጓዴ ለብሰን በካዕባ ዙሪያ ወለሉን የምናጥበው እኛ ነን» አላት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። በየቀኑ ጎረቤት ቤት ገብታ ትመለከታለች። አረንጓዴው ልብስ ይታያል፤ ፊት ግን አይለይም። ጎረቤቶቿንም አሰልችታለች።

ሐጂ ቀና ብለው ንቧን አዩ። ገበያው የቀዘቀዘበት ወር ነበር፤ እሷ ደግሞ ዋጋ እንኳ አልተከራከረችም። ነገር ግን ንቧ ለማሳያ ከተዘጋጀ ፍላሽ ላይ እንደምትመጣ ያውቃሉ። ፍላሹን ነቅለው የዲሹን ገመድ መጀመሪያ በውዱ፣ ቀጥሎ በተራው ላይ ሰኩ። ሐረሙ በሁለቱም መጣ። በሁለቱም ላይ ሰዉ ፊት የሌለው ነጭ ነጠብጣብ ነበር።

ጦይባ እንባዋ መጣ። «እንግዲህ ልጄን በምን ልየው?» አለች።

ያኔ ሐጂ ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገር ተናገሩ።

«ባለቤቴ አብረን ለሐጅ ሄደን እዚያው ሞታ ቀረች። ስመለስ ከዚሁ ሱቅ ውዱን መርጬ ቤቴ ሰቀልኩ። ይኸው አራት ዓመት ሙሉ፣ ስክሪኑ ሥር ተንበርክኬ ሴቶች ተሰልፈው በሚሰግዱበት ሰፍ ውስጥ እፈልጋታለሁ። በእጄ ቀብሬያት! ወላሂ አንድ ፊት አልለየሁም። እኔ የተሞኘሁበትን ላንቺ አልሸጥም።»

አምባሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ተራውን ገዝታ ሄደች። ሐጂ ግን ያን ቀን ምሳቸውንም አልቀመሱም። ሐቅ ቢናገሩም የአንዲትን እናት ተስፋ የነጠቁ መሰላቸው።

ረመዳን ሲገባ ጦይባ ተመልሳ መጣች። አምባሩ እጇ ላይ ነበር።

«አገኘሽው?»

«የት አግኝቼው፣ ሐጂ። የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ፣ አረንጓዴ የለበሱት ብቅ ሲሉ ለሁሉም ዱዓ አደርጋለሁ። አንዱ የኔ አይደል?»

 ሐጂም፣ «ስክሪን የተላከለትን ብቻ ያሳያል፤ ዱዓ ግን ፊቱን ላላየነውም ይደርሳል» አሉ።

ወገኖቼ፣ ሻጭ ከትርፉ መቅረቱ ቀላል ነው አልልም። ለእኔ ግን የከበደኝ ሌላው ነው። ያንን አማና፣ ያንን አደራ ለመወጣት ሐጂ የራሳቸውን ብቸኝነት በቀን ብርሃን ባንኮኒ ላይ መዘርጋት ነበረባቸው። ስንቶቻችን ነን የናፈቀንን ሰው በውድ ዕቃ ልንመልሰው የምንሞክር? ገንዘቡ ያልቃል፤ ቤቱ ጭር እንዳለ ይቀራል።

ሙዘሚል እስከ ዛሬ አልደወለም። ሐጂም አሁንም ብቻቸውን ናቸው። ስክሪኑ ሥር መንበርከኩን ግን ትተዋል። ራቅ ብለው ይቀመጡና ለባለቤታቸው እጃቸውን ያነሳሉ። አረንጓዴ የለበሱት ሲያልፉ ደግሞ፣ አይተውት የማያውቁትን ሙዘሚልን በስሙ ጠርተው ዱዓ ያደርጉለታል።