«መብላት» በስፓኒሽ

አንድ ቀን ላሊበላ ውስጥ ላቀው የሚባል አስጎብኚ እንግዶች ይዞ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ፣ እህል የሚባል ሳይቀምስ በቀጥታ ወደ መምህር አምኃ ቤት ሄደ። መምህር አምኃ በወጣትነታቸው ኩባ ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። ለአስጎብኚዎች ቤታቸው ውስጥ ስፓኒሽ ያስተምራሉ። ቋንቋውን አሳምረው ያውቁታል፤ ስስታቸው ግን አይጣል ነው። ተማሪ ውሃ ጠማኝ ቢላቸው እንኳ «ቧንቧው ውጭ ነው» ከማለት አያልፉም። የእሳቸውን ምስክርነት ያላገኘ ደግሞ የስፔን እንግዳ አይሰጠውም።

የዚያን ቀን መምህር አምኃ ቋንጣ ፍርፍራቸውን አስቀርበው፣ እየጎረሱ ያስተምራሉ። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። የላቀው ሆድ ይጮኻል።

«የዛሬው ትምህርት ሠርቻለሁ፣ ሄጃለሁ የምንልበት ነው» አሉ። «ግሱ ደንቡን የጠበቀ ከሆነ ምንም አያስቸግርም። ‹አብላር› መናገር፤ ‹ኤ አብላዶ› ተናግሬያለሁ። ‹ኮሜር› መብላት፤ ‹ኤ ኮሚዶ› በልቻለሁ።» ይህን እያሉ ሳህኑን በመጨረሻዋ ቁራሽ ጠረጉት። «ላቀው! ተነስ፣ ‹ኮሜር›ን አርባልኝ። ከተሳሳትክ ምስክርነቱን እርሳው!»

ላቀው ተነሳ። ባዶውን ሳህን አየና፣

«ኡስቴድ አ ኮሚዶ። እርስዎ በልተዋል» ብሎ ቁጭ አለ።

«ምን ሆነሃል? ከ‹እኔ› ጀምር እንጂ!»

«ውሸት ይሆንብኛል፣ መምህር።»

«እሺ፣ ‹እኛ በልተናል› በል!»

«እነዚህም ጓደኞቼ ጦማቸውን ነው ያሉት።»

ተማሪው ሁሉ አፉን በእጁ ያዘ። መምህር አምኃ ጠረጴዛውን መቱ።

«ስማ አንተ! ይሄ እኮ በሁሉም መደብ የሚረባ ግስ ነው!»

«መጽሐፉ ላይ ይሆናል፣ መምህር» አለ ላቀው፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ። «እዚህ ቤት ግን ‹መብላት› የረባው ለእርስዎ ብቻ ነው።»

ከጓዳ የባለቤታቸው የወይዘሮ ስህን ሳቅ ተሰማ። ወዲያው ፍርፍር የተቆለለበት ሰፊ ትሪ ይዘው ብቅ አሉና ተማሪዎቹ ፊት አስቀመጡት። ላቀው ጠግቦ እጁን ከታጠበ በኋላ ተነሳና ግሱን ከ‹እኔ› እስከ ‹እነሱ› አንዲት ሳይሳሳት አረባው።