የስንዱ የውሃ እንሽላሊቶች አንበላም አሉ

ተረት የሚወድ ጠጋ ይበል፤ መባበል የሚፈልግ ግን ሌላ ተራች ይፈልግ፣ እኔ ዛሬ አላባብልም።

አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ክረምት ሲገባ ሞተችባት። ስንዱ በሕይወት ሳለች ከምንጩ ሥር አራት የውሃ እንሽላሊቶች ይዛ መጥታ በማሰሮ ውሃ ታኖራቸው ነበር። ሆዳቸው እንደ እርድ ቢጫ፣ ጅራታቸው ጠፍጣፋ፣ ዋናቸው ዝግ ያለ ነው። የምድር ትል በጣቷ አንጠልጥላ ስትሰጣቸው ከእጇ ቀምተው ይውጡ ነበር። ጎረቤቱ «ምን ጉድ ነው ይሄ!» ይል ነበር፤ አንጓች ግን ልጇ ስትስቅ ማየት ይበቃት ነበር።

የአርባዋ ተዝካር ሲደርስ አንጓች ለጠላው ጋኑን አጠበች፣ ገንቦውን አጠበች፣ ሁሉንም በወይራ ጭስ አጠነች። የእንሽላሊቶቹንስ ማሰሮ? «የልጄ ዕቃ እንዴት ሳይታጠን ይቀራል!» አለችና እሷንም ገልብጣ፣ አጥባ፣ በወይራ ደህና አድርጋ አጥና፣ ንጹሕ ውሃ ሞልታ መለሰቻቸው። ለክብር ብላ ያደረገችው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንሽላሊቶቹ ምንም አልቀመሱም።

አንጓች ትል ይዛ ማሰሮዋ ላይ ጎንበስ አለች። «ብሉልኝ፣ በሞቴ! ከልጄ እጅ የተረፋችሁልኝ እናንተ ብቻ ናችሁ።»

«አንበላም» አሉ እንሽላሊቶቹ። «ውሃው ጭስ ጭስ ይላል።»

ሌላ ዕቃ ውስጥ ብታደርጋቸውስ? ትሉኛላችሁ። ቤቱ ውስጥ ያልታጠነ ዕቃ የለማ! ወደ ምንጩ ብትመልሳቸውስ? ትሉኛላችሁ። እሱን እሷም ታውቀዋለች፤ ዝም በሉኝ።

ወደ ማሰሮ ዞረች። «አንቺ ማሰሮ፣ ጭስሽን ትፊ!»

«አልተፋም» አለች ማሰሮ። «ራስሽ አጥነሽኝ አሁን ትፊ ትይኛለሽ? ወይራ አንዴ ከገባ አይወጣም።»

ማሰሮ ጭስ አልተፋም አለች፣ እንሽላሊቶቹ ትል አንበላም አሉ። አንጓች ሆድ ባሳት። ወደ ድንጋይ ሄደች።

«አንተ ድንጋይ፣ ማሰሮን ስበር!»

«አልሰብርም» አለ ድንጋይ። «እሷም እኔም ያንድ ተራራ ልጆች ነን። በዘመዴ ላይ አልነሣም።»

ድንጋይ ማሰሮ አልሰብርም አለ፣ ማሰሮ ጭስ አልተፋም አለች፣ እንሽላሊቶቹ ትል አንበላም አሉ። አንጓች ወደ መዶሻ ሄደች።

«አንተ መዶሻ፣ ድንጋይን ፍለጥ!»

«አልፈልጥም» አለ መዶሻ። «የልጅሽን የመቃብር ድንጋይ ስፈልጥ ሰንብቼ ክንዴ ዝሏል። ድንጋይ አታሳዪኝ።»

አንጓች ቤቷ ስትመለስ አንዱ እንሽላሊት ቢጫ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፏል። ሦስት ቀሩ።

መዶሻ ድንጋይ አልፈልጥም አለ፣ ድንጋይ ማሰሮ አልሰብርም አለ፣ ማሰሮ ጭስ አልተፋም አለች፣ እንሽላሊቶቹ ትል አንበላም አሉ። አንጓች ወደ እሳት ሮጠች።

«አንተ እሳት፣ የመዶሻን እጀታ አቃጥል!»

«አላቃጥልም» አለ እሳት። «ለተዝካርሽ ሦስት ቀን ሙሉ ነደድኩልሽ። እድምተኛው በልቶ ጠጥቶ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። እኔን ደከመህ ወይ ያለኝ አለ?»

እውነቱን ነው፣ አልነበረም። እሱ ይህን ሲል ሁለተኛው እንሽላሊት ተገለበጠ። ሁለት ቀሩ፤ እነሱም ከማሰሮዋ ግርጌ ተኝተዋል፣ አይንቀሳቀሱም።

እሳት እጀታ አላቃጥልም አለ፣ መዶሻ ድንጋይ አልፈልጥም አለ፣ ድንጋይ ማሰሮ አልሰብርም አለ፣ ማሰሮ ጭስ አልተፋም አለች፣ እንሽላሊቶቹ ትል አንበላም አሉ። አንጓች ደጅ ወጥታ ወደ ሰማይ ጮኸች።

«አንተ ዝናብ፣ እሳትን አጥፋ!»

«አላጠፋም» አለ ዝናብ ከተራራው ማዶ ሆኖ። «ስንዱ የሞተች ዕለት እዚሁ ደጅ ቆመሽ ምን አልሽኝ? ‹ልጄን የገደላት ያንተ ብርድ ነው› ብለሽ ረገምሽኝ። ከዚያ ወዲህ ደጅሽን ረግጬ አላውቅም። እርግማንሽን አንሺ።»

ቆይ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ። ዝናብ እሳት አላጠፋም አለ፣ እሳት እጀታ አላቃጥልም አለ፣ መዶሻ ድንጋይ አልፈልጥም አለ፣ ድንጋይ ማሰሮ አልሰብርም አለ፣ ማሰሮ ጭስ አልተፋም አለች፣ እንሽላሊቶቹ ትል አንበላም አሉ። ከዚህ ወዲያ የምትሄድበት ደጅ የለም።

«ሳል ይዟት ነበር» አለች አንጓች በመጨረሻ። «አንተ እየዘነብክ እንስራ አሸክሜ ወደ ምንጭ የላክኋት እኔ ነኝ። ‹እማዬ፣ ብርድ ብርድ ይለኛል› አለችኝ። ‹ስትሄጂ ይሞቅሻል› አልኳት። አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ።»

ይህን ለባሏም፣ ለነፍስ አባቷም ተናግራ አታውቅም። ይህን ብላ ደረቁ አፈር ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው መጣሁ» አለ ዝናብ።

ዝናብ እሳትን ላጥፋ ብሎ ወረደ። እሳት ሳልጠፋ ብሎ ወደ እጀታው ዘለለ። መዶሻ ሳልነድ ብሎ ድንጋይ ላይ ተነሣ። ድንጋይ ሳልፈለጥ ብሎ ወደ ማሰሮ ተንከባለለ። ማሰሮ ሳልሰበር ጭሴን ልትፋ አለች፤ ታገለች፣ አማጠች፣ ወይራው አልወጣ አላት። ድንጋይ ደረሰባትና ለሁለት ተሰነጠቀች።

ውሃው ደፉን አልፎ ፈሰሰ። ሁለቱን እንሽላሊቶች ይዞ ወደ ቦዩ ገባ፣ ከቦዩ ወደ ቁልቁለቱ፣ ከቁልቁለቱ ወደ ምንጩ። አንጓች ትሏን በጣቷ እንዳንጠለጠለች ከኋላ ከኋላ ሮጠች።

ምንጩ ሥር ዝናቡ የምድር ትሎችን ከጭቃው አውጥቷቸዋል። አንዱ እንሽላሊት ቀስ ብሎ አንገቱን ቀና አደረገና አንዱን ትል ያዘ፣ ዋጠ። ሁለተኛውም ያዘ፣ ዋጠ። ደግመው ያዙ፣ ደግመው ዋጡ። አንጓች ከበላያቸው ቆማ እጇን ዘረጋችላቸው። ከእጇ አልወሰዱም። ሲጠግቡ ከድንጋዩ ሥር ገብተው ጠፉ።

ብሉልኝ ነው ያለችው፤ ቆዩልኝ አላለችም።

ተረቱ ይሄ ነው። እስከዛሬ እኔ ተሸክሜው ነበር፤ እንግዲህ እናንተ ተሸከሙት።